ባለሥልጣንም ይግባኝ ያስፈልገዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በየስብሰባው ይጠቀሳል። ችሎት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም አይነገርም። ለዚህ በ2006 ዓ.ም. የተወሰነውን የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የአቶ መላኩ ፈንታን ጉዳይ ማንሳት ይበቃል።

አዋጅ ቁጥር 25/1988 አንቀጽ 8(1)፣ የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣን ከሥራ ኃላፊነቱ ጋር በተያያዘ ወንጀል ሲከሰስ ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ይል ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ክብር ይመስላል። ዳሩ ግን ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ወዴት ይግባኝ ይባላል? ሰበር ችሎት አለ እንዳይባል፣ ሰበር የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ ምስክር ታመነ አልታመነ የሚለውን እንደገና አይመዝንም። ስለዚህ ማንኛውም ተከሳሽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(6) ያገኘውን የይግባኝ መብት ሚኒስትሩ ያጣል ማለት ነው። ጥያቄው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ላለው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱም ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወሰነ፤ ክሱም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ታየ። በአንቀጽ 38 ሚኒስትሩም ዘበኛውም በምርጫ ጣቢያ እኩል አንድ ድምፅ አላቸው፤ ችሎት ሲቆሙ ይህ የሚለወጥበት ምክንያት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ተከራካሪ የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ፣ ከየትኛው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጋር እንደሚጋጭ ለይቶ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። «አንቀጽ 25 ተጥሷል» ብቻ ብሎ ዳኛው ማስረጃዬን አልተቀበለኝም የሚል አቤቱታ ግን ቦታው ይግባኝ ነው፤ ጉባኤው የሚተረጎም ነገር የለም ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ቅር የተሰኘ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ የውሳኔ ሐሳብ ካቀረበ ደግሞ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት።

ባለሥልጣኑ ያጣው የላይኛውን ደረጃ ነበር፤ ድሃው ግን ገና ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ይመለሳል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን አስቀድሞ ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል። ብዙዎች የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ያለውን ንብረት ከነግምቱ መዘርዘር ነው። ጥቂትም ብትሆን ያለችውን መጻፍ ይሻላል፤ ሕጉ ከፊሉን ብቻ መክፈል ለሚችልም ይሠራልና።

የሕግ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ