የቃል ታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የአንዲት እናት ዕድሜ እንዴት ይጻፋል?

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዞ ከረመ፤ በካቶሊክ ቁምስናው (በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ዕድሜ ልካቸውን ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ዘጠናን የተሻገሩ የአንዲት እናትን ታሪክ በድምፅ ቀርጾ፣ ጽፎና ከመዝገብ ጋር አመሳክሮ ለቤተሰባቸው ማስረከብ። ልጆቻቸው ስማቸው በመጽሔት እንዳይወጣ ስለፈለጉ እዚህ «እማማ» ብለን እናልፋለን። ታሪኩ የቤተሰቡ ነው። አሠራሩ ግን አያቱን መቅረጽ ለሚያስብ ተማሪ ሁሉ ስለሚሆን ዘርዘር አድርገን አቅርበነዋል።

ከሁሉ በፊት የሚያሰናክለው ጥያቄው ራሱ ነው። «እማማ፣ ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» የተባሉ እናት መልሳቸው የታወቀ ነው፦ «ምን የሚነገር አለኝ ልጄ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወለድኩ፣ አሳደግኩ፣ ይኸው አለሁ።» ቀረጻው እዚያው አለቀ። ትሕትና ብቻ አይምሰላችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ያጠቡት፣ ለለቅሶ ቤት የቀቀሉት፣ የጠየቁት በሽተኛ በእሳቸው ዘንድ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ጥያቄውን ከዕቃ ማስነሣት ይሻላል። ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ነገር አንድ በአንድ እያነሡ «ይህን ማን ሰጠዎት? ምን ይሠሩበት ነበር? ከእርስዎ በፊት ማን ጋ ነበር?» ማለት ነው።

ከእማማ ቤት ብዙ ወሬ የወጣው ከአንድ የከሰል ካውያ ነው። እማማ የመሠዊያ ጨርቅ አጣቢ ነበሩ፤ አሠራሩን ሲያስረዱ እንደ ኬሚስትሪ መምህር ቅደም ተከተል አይዘሉም። ኮርፖራሌ የሚባለው፣ በቅዳሴ ጊዜ ቅዱስ ቁርባኑ የሚያርፍበት አራት ማዕዘን የተልባ እግር ጨርቅ፣ ከሌላ ልብስ ጋር አይነከርም። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይለቀለቃል። የቁርባን ፍርፋሪ ቀርቶበት ሊሆን ስለሚችል ያ ውኃ ወደ ፍሳሽ አይደፋም፤ ሰው የማይረግጠው አፈር ላይ ይፈስሳል። ሳሙና የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። የሚተኮሰው እርጥበቱ ሳይጠፋ ነው፤ ክው ብሎ የደረቀ የተልባ እግር ጭምድዱ አይለቅም። ሲታጠፍ በቁመት ሦስት፣ በወርድ ሦስት ይሆንና ሲዘረጋ ዘጠኝ እኩል ክፍል ይታይበታል። ጠርዞቹ ወደ ውስጥ የሚታጠፉት ፍርፋሪ ቢኖር እንዳይወድቅ ነው። የሻማ ሰም ከነካው በቢላ ጀርባ ይፋቅና ከላይና ከታች ወረቀት ተደርጎ በሞቀ ካውያ ይጫኑታል፤ ሰሙን ወረቀቱ ይጠጣዋል።

የከሰል ካውያ ጣጣው ፍንጣሪው ነው። ከሰሉ በደንብ ሳይቀላ ከተከደነ ያጨሳል፣ ሲራገብም ብልጭታው ጨርቁን ይበሳል። ስለዚህ ደጅ ላይ ይራገባል፣ አመዱ ይራገፋል፣ በአሮጌ ጨርቅ ይሞከራል፣ ከዚያ ነው ወደ ነጩ የሚመጣው። «ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር» ብሎ ማለፍ ይህን ሁሉ ይውጠዋል፤ በእኛ እምነት የሕይወት ታሪክ አሰልቺ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጣሳም ነበር። እማማ በእድሩ የወጥ ቤት ኃላፊ ሳሉ የንፍሮ እህል ይሰፍሩበት ነበር። ለመቶ ለቀስተኛ ስንት ይበቃል ሲባሉ «አሥራ ሁለት ጣሳ፤ ስምንቱ ስንዴ፣ አራቱ ሽምብራ» አሉ። መልሱ እንዳለ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ጣሳው ይመዘናል። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በአፉ ልክ ሲሞላ ስንዴው 800 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሲቆለል ወደ ኪሎ ይጠጋል። እማማ ደግሞ ቆልለው ነው የሚሰፍሩት። ሳይመዘን «ጣሳ» ተብሎ የተጻፈ መጠን ከሃያ ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ገደማ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ዛሬም ጥቂት ነው። ሽምብራው አድሮ ይነከራል፤ ከስንዴው ጋር ባንድ ድስት አይጣድም፣ እኩል ስለማይበስሉ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይቀራል። የሚቀላቀሉት ከበሰሉ በኋላ ነው።

ቀን ማውጣት ብዙ ትዕግሥት ጠይቋል። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚል ጥያቄ ግምት እንጂ መልስ አያመጣም። አባላቱ በካርቶን ላይ የታወቁ ቀኖችን ጽፈው ይዘው ነበር፦ የንጉሡ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሡ የተመለሱበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967፣ ግንቦት 20 ቀን 1983። የላቲን ሥርዓት በሚከተል ቁምስና ላደገች ካቶሊክ አንድ ሌላ ምልክት ይጨመራል፤ ቅዳሴው ከላቲን ወደ አገር ቋንቋ የዞረው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1962–1965) ወዲህ ነው። «ስዳር አባ የቀደሱት በላቲን ነው» ካሉ ሠርጉ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። በግእዝ ሥርዓት ላደገች ካቶሊክ ግን ቅዳሴው ድሮም በላቲን ስላልነበረ ይህ ምልክት አይሠራም።

ከቀኑ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ያን ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበር ነው። ቤተሰቡ እማማን «መቶ ሞልተዋል» ይላል። እሳቸው ግን ንጉሡ ሲመለሱ ውኃ የሚቀዱ፣ ለጎረቤት የሚላላኩ ልጅ ነበሩ። መቶ ቢሆናቸው ኖሮ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በዚያ ዘመን የዚያ ዕድሜ ሴት ልጅ ባለ ትዳር እንጂ ተላላኪ አይደለችም። ዘጠና ሁለት ወይም ሦስት የሚለው ግምት የመጣው ከዚህ ሲሆን የጥምቀት መዝገቡም ደግፎታል።

ስለ መዝገቡ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው ካቶሊክ ቁምስና ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅምና። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ፣ ከጥምቀቱ ጽሑፍ ጋር ሜሮን መቀበልና ጋብቻም እንዲመዘገብ አዝዟል። አንድ ሰው ሌላ ቁምስና ቢያገባ እንኳ ወሬው ወደ ተጠመቀበት ይላካል። ስለዚህ በአንዲት ሴት ስም ትይዩ፣ በገጹ ኅዳግ ላይ፣ የባሏን ስምና የሠርጉን ቀን ማግኘት ይቻላል። መዝገቡን ለማየት ግን የቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ፎቶ ማንሣት ካልተፈቀደ በእርሳስ ይገለበጣል። በእስክሪብቶ አይሠራም፤ አንድ ጠብታ ቀለም የሰው ማስረጃ ያበላሻል። የሚፈለገውም በክርስትና ስም ነው፤ ሰፈሩ የሚጠራበት ስም መዝገቡ ላይ ላይኖር ይችላል።

ሁለት ነገር ያሳስታል። አሮጌ የላቲን መዝገቦች ወሮችን በቁጥር ያሳጥራሉ፤ «7ብሪስ» የሚለው መስከረም አካባቢ ያለው ሴፕቴምበር እንጂ ሰባተኛው ወር ጁላይ አይደለም። «8ብሪስ»ም ኦክቶበር ነው። ሌላው የቀን ልወጣ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ የሚቀጥለው የፈረንጅ ዓመት ፌብሩዋሪው 29 ቀን ያለው ከሆነ ግን 12 ላይ ነው፣ ልዩነቱም እስከዚያው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። መለማመጃ ያደረግነው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት፣ ቅድስናቸው የታወጀበትን ኦክቶበር 26 ቀን 1975 ነው። 1976 ፌብሩዋሪው 29 ቀን ስለነበረው ትክክለኛው ጥቅምት 15 ቀን 1968 ነው፤ በተለመደው ስሌት የሄደ 16 ይላል። በዚያ ላይ የጥምቀት ቀን የልደት ቀን አይደለም። በግእዝ ሥርዓት ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በላቲን ሥርዓት ቶሎ ማጥመቅ የተለመደ ነበር። ከየትኛው እንደሆነ ሳይለዩ 80 ቀን መቀነስ ስሕተት ነው።

«ስንት ልጅ አለዎት?» ሲባሉ እናቶች በሕይወት ያሉትን ይቆጥራሉ። የሚሻለው ከበኩሩ ጀምሮ በተራ፣ ከነክርስትና እናታቸው መጠየቅ ነው። በሁለት ልጆች መካከል አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ክፍተት ከታየ፣ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ያለፈ ሕፃን አለ። ይህን ወንድ ተማሪ ባይጠይቅ፣ ቀረጻውም ቢቆም ይመረጣል፤ እማማ ራሳቸው «ጻፉት» ካሉ ብቻ ይጻፋል።

እማማ ሌጂዮ ማሪያ የተባለው የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር አባልም ናቸው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1921 በደብሊን የተመሠረተ ሲሆን አባላቱ በየሳምንቱ ተሰብስበው መቁጠሪያ ይደግማሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሽተኛና ብቸኛ ይጠይቃሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም የሠሩትን በቃል ያቀርባሉ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ስለምትይዝ፣ ወረቀት ላይ የማይገኘው የእናቶች ሥራ እዚህ ቦታ ይገኛል። ቃለ ጉባኤው ግን አንዱን ገጽታ ብቻ ያሳያል፤ በማኅበሩ ደንብ መሠረት አባል በጉብኝቱ የቁሳቁስ እርዳታ አይሰጥም። እማማ ሐሙስ ባዶ እጃቸውን ይሄዱና ቅዳሜ እንደ ጎረቤት እንጀራ ይዘው ይመለሱ ነበር። የቅዳሜው የትም አልተጻፈም፤ የተገኘው ከተጎብኚዎቹ ልጆች ነው። መዝገብም አፍም ለየብቻቸው አይበቁም።

ስለ ቀረጻው፦ ስልኩ በአውሮፕላን ሞድ ይደረጋል፣ ከአፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በታጠፈ ነጠላ ላይ ይቀመጣል፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒ ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከጀመረ ማቆም ነው፤ በኋላ በምንም መሣሪያ አይጠራም። ለዘጠና ዓመት ሰው 40 ደቂቃ ይበቃል፣ ከምሳ በፊት ቢሆን ደግሞ ድምፃቸው ይሻላል። አንድ ሰዓት ቀረጻ ለመጻፍ ስድስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በየሳምንቱ ያልተጻፈ ይከመራል፤ ብዙ ክበቦች የሚፈርሱት እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ዕለቱን በቀን፣ ከነተቀራጩ ምልክት ይሰየማል። «አዲስ ቀረጻ 3» ተብሎ የቀረ ፋይል እንደጠፋ ይቆጠራል።

የተጠናቀቀው ሥራ በሦስት ቅጂ ታትሟል፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለቁምስናው፣ አንዱ ቤተሰቡ እንዲዘጉ የጠየቃቸው ገጾች ወጥተውለት ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት። ድምፁ በሁለት የተለያዩ ፍላሽ ላይ ተቀምጧል። ለ2018 ዓ.ም. ሚዛን፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና ግእዝ ፊደል በፍጥነት የሚጽፉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ያስፈልጉናል። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ የሚመጣ ተማሪ የአያቱን ወይም የጎረቤቱን ፈቃድ አስቀድሞ ይዞ ይምጣ።