ለልጄ፦ ስለላክሽልኝ ፊልሞች

ሚሚዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ገና አልቆመም። መብራቱም እንደምታውቂው ነው፣ ይሄዳል ይመጣል። ለዚህ ነው ፍላሹን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ። ትናንት ማታ የመጨረሻውን ፋይል አየሁ።

«እማ፣ ስለ እያንዳንዱ አጭር አጭር አስተያየት ብቻ» ብለሽኛል። እሞክራለሁ። አንዳንዱ ላይ ግን አጭር መሆን አልችልም፣ ታገሺኝ። አንቺ የሠራሽውን የ12 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ነው የማነሳው። ዘለሽ ወደዚያ እንዳትሄጂ!

ከእንግሊዞቹ የፖስታ ቤት ድራማ ልጀምር፣ ከ«ሚስተር ቤትስ ቨርሰስ ዘ ፖስት ኦፊስ»። አራት ክፍል ነው፣ በፈረንጆቹ ጥር 2024 ነው የታየው (ለፊልሞቹ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት አስገባ። ሥርዓቱ ይሳሳታል። በየሰፈሩ ያሉት ትንንሽ ፖስታ ቤቶች ካዝና ሳይጎድል «ጎድሏል» ይላል። ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰው በሌብነትና በሐሰት ሂሳብ ተፈረደበት። እስር ቤት የገቡ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። እርዳታ ፈልገው ሲደውሉ ደግሞ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመሽ አንቺ ብቻ ነሽ» ይባላሉ።

አንዲት ሴት አለች፣ ስልክ ላይ ሆና የታዘዘችውን ቁልፍ ትጫናለች፣ ጉድለቱ ዓይኗ እያየ እጥፍ ይሆናል። እዚያ ላይ አቆምኩት። ተነስቼ ውጭ ወጣሁ።

ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። አንቺ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ እኔ ገንዘብ ያዥ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ዞረ። አንድ ቀን ማታ ሂሳብ ስዘጋ 4,300 ብር ጎደለ። ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ጎድሏል። «ማሽን አይሳሳትም» አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ ከደሞዜ ተቆረጠ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ልብስ ያልገዛሁልሽ ለዚህ ነበር፣ አኩርፈሽኝ እንደነበር ትዝ ይልሻል? በኋላ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ። ገንዘቡን መለሱልኝ። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም፣ እነዚያ ስምንት ወራት በኮሪደሩ ሳልፍ ሰው ያየኝ የነበረውን አስተያየት ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።

ስለዚህ ይሄ ድራማ ለእኔ አንደኛ ነው። ያሸነፈኝ ግን የራሴን ነገር ስላስታወሰኝ ብቻ አይደለም። ሰዎቹ ሲሠሩ ታያቸዋለሽ። ቴምብር ሲሸጡ፣ ለሽማግሌው ጡረታ ሲከፍሉ፣ ማታ ሳንቲም ሲቆጥሩ። ሥራቸውን ስላወቅሽው ሲነጠቁ ያምሻል። ጋዜጠኞች ለዓመታት ጽፈውታል፣ ፍርድ ቤትም በ2019 ሥርዓቱ ችግር እንዳለበት ወስኗል። ሕዝቡ የነቃው ግን በአራት ማታ ድራማ ነው። ድራማው በታየበት በ2024፣ ግንቦት ላይ፣ ፍርዳቸውን በጅምላ የሚሽር ሕግ ወጣ። ድራማ ምን ይሠራል ለሚሉሽ ጓደኞችሽ ይሄን ንገሪያቸው።

ሌላውን የእንግሊዞች ድራማ፣ «አዶለሰንስ»ን፣ ከአባትሽ ጋር አየነው። አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ ካሜራው አንዴም ሳይቆረጥ የተቀረጸ። አንቺ ስለ ቀረጻው ነበር የጻፍሽልኝ፣ እኔ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካሜራውን ረሳሁት፣ ደግሞም ጥሩ ያደረገው እሱ ይመስለኛል። የ13 ዓመት ልጅ የክፍል ጓደኛውን ገድሏል ተብሎ በማለዳ ከአልጋው ይወሰዳል። ሦስተኛው ክፍል፣ ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ብቻቸውን የሚቀመጡበት፣ በዚህ ዓመት ካየሁት ትወና ሁሉ ይበልጥብኛል። ግማሽ ሳንድዊቿን ስትሰጠው ልጅ ነው፣ ሲጮህባት ደግሞ የሚያስፈራ ወንድ ነው። ባንድ ወንበር ላይ ሁለቱንም ታያለሽ። የመጨረሻው ክፍል የአባትየው ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ በልደቱ ቀን መኪናው ላይ የተጻፈበትን ስድብ ለማጥፋት ቀለም ሊገዛ ይሄዳል። አባትሽ ሲያልቅ ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት ግን ለወንድምሽ ደወለለት፣ ያለ ምክንያት።

ወደ ሀገር ቤት ልመለስ። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ»ን ወድጄዋለሁ። ዱከም ያለው የቻይናዎች ኢንዱስትሪ ዞን ላይ ዓመታት ፈጅቶ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፣ 2024 ላይ ወጣ። ሦስት ሴቶች አሉት፦ ቻይናዊቷ ኃላፊ፣ የፋብሪካዋ ሠራተኛና መሬቷን ያጣችው ገበሬ። ማንንም ክፉ አድርጎ አይስልም። ኃላፊዋ እንኳ ልጇን ጥላ የመጣች እናት ናት፣ ታሳዝንሻለች። እኔ ግን ገበሬዋ ትበዛልኝ ነበር። ኃላፊዋ ተናጋሪ ናት፣ ካሜራውም ወደ ተናጋሪው ያዘነብላል። ይሄ የአንቺም ሙያ ፈተና ይመስለኛል፣ ዝም የሚል ሰው ጋ መቆየት።

«ፋያ ዳዪ»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም እንቅልፍ ወሰደኝ፣ በሦስተኛው ግን ያዘኝ። ጄሲካ በሽር ለዓመታት እየተመላለሰች የሐረርን ጫት የቀረጸችበት ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ታሪክ አትፈልጊበት። ጫቱ ሲቆረጥ፣ ሲታሰር፣ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ሌሊቱን የሚሮጠውን ሰው ተመልከቺ። እዚህ ጅማም ጫት የቡናውን መሬት እየወሰደ ነው፣ ስለዚህ የሩቅ ሀገር ነገር ሆኖ አልታየኝም። ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ የሚያስበው ልጅ ሲያወራ የጎረቤታችንን ልጅ የሰማሁ መሰለኝ። ትንሽ ማጠሩ ግን አይጎዳውም ነበር።

ስለ ተጠለፈችው ልጅና ስለ ጠበቃዋ የሚተርከውን «ድፍረት»ን ድሮ አይተነዋል፣ 2014 የወጣ ነው፣ ለምን እንደጨመርሽው አልገባኝም። ደግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠለፋውን ሳይሆን ጠበቃዋ በየቢሮው ስትመላለስ፣ ፋይል ይዛ ስትለምን ነው ልቤ የሚመታው።

የእኛን ተከታታይ ድራማዎች በተመለከተ ልቆጣ ነው። ሦስቱን ባንድ ላይ ልናገር፣ ስማቸውንም አልጠራም፣ ልዩነታቸው ስላልታየኝ። ሁሉም ቪላ ውስጥ ነው። ሁሉም «ካምፓኒ» አለው፣ ካምፓኒው ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አይናገርም። ሰው ቢሮ ይገባል፣ ስልክ ያነሳል፣ ይቆጣል፣ ይወጣል። ሙዚቃው ከኔ በፊት ያለቅሳል። ቡና ቀርቦ ይጠጣል፣ ማን ቆላው? የቤት ሠራተኛዋ በር ከፍታ ትጠፋለች። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ጠዋት ተነስቶ አንድ ነገር ይሠራል። ያንን የማያሳይ ድራማ ስለ ማን እንደሚያወራ አይገባኝም። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፣ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። «እረኛዬ»ን ሰው ሁሉ ለምን እንደዚያ ተከታተለው? ሦስት ሴቶች ጽፈውት ወደ ገጠር ወረዱ፣ ቋንቋውም አፈር አፈር ይሸት ነበር። ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ያንቺ።

12 ደቂቃውን አራት ጊዜ አየሁት። አባትሽ ሁለቴ። እዚህ ጅማ ከመርካቶ ጀርባ ቡና የሚለቅሙትን እትዬን መምረጥሽ ትክክል ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ንግግራቸውን ስታሳጥሪም ክብራቸውን ጠብቀሻል።

ግን ልጄ፣ በመስቀል መጥተሽ ላፕቶፕሽ ላይ ያሳየሽኝ ጥሬው ቀረጻ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ትዝ ይልሻል? እትዬ በጅማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቁሩን ፍሬ፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እያወጡ ሲጥሉ። እጃቸው ብቻ፣ ምንም ሳይናገሩ። ሦስት ደቂቃ ይሆናል። አሁን አሥር ሰከንድ ሆኗል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ፒያኖ አለ። ማን ነው «ይረዝማል» ያለሽ? ያ እጅ እኮ እኔ ካወቅኳቸው ጀምሮ ይሄንኑ ሲሠራ ነው የኖረው። በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» ላይ ያሉትን ቡና ለቃሚ ሴቶች እስካሁን የማስታውሳቸው ካሜራው እነሱ ጋ ስለቆየ ነው። የተናገሩትን አላስታውስም፣ እጃቸውን ግን አስታውሳለሁ።

ፒያኖውን አውጪው። ሦስቱን ደቂቃ መልሺ። ፊልሙ 15 ደቂቃ ከሆነ ይሁን። ፌስቲቫሉ ከ12 በላይ አይቀበልም ካልሽ ደግሞ የባለሙያውን ንግግር ቁረጪ፣ ስለ ቡና ዋጋ የሚያወራውን፣ እትዬ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብለውታል።

ትናንት በቤታቸው ሳልፍ «ልጅሽ ፊልሙን ጨረሰች ወይ?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ሲያልቅ አምጥተሽ እዚሁ ቤታቸው ታሳዪያቸዋለሽ፣ ቃል ገብቼልሻለሁ።

የተቆላ ሁለት ኪሎ ቡናና ትንሽ በርበሬ ሐሙስ በሚነሳው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። ፍላሹንም ቡናው ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ አስገብቼዋለሁ፣ ሳታዪ እንዳትደፊው።

እናትሽ፣ ከጅማ