አሥረኛው ዘፈን

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ?

የጉልበትህ መድኃኒት ከላይ፣ ሲዲው ከሥር ፎጣ ውስጥ ነው። የግሎሪያ ኤስቴፋን «ሚ ቲዬራ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው። «ከኩባ ሸሽተው የወጡት የማያሚዎቹ ነው» ብለህ መሳቢያ ውስጥ እንዳትወረውረው። እሷ ከሃቫና የወጣችው በሕፃንነቷ ነው፤ ያጀቧትን ግን አንተ ታውቃቸዋለህ፦ በባስ ካቻኦ፣ በቲምባሌስ ከበሮ ቲቶ ፑዌንቴ፣ በትራምፔት አርቱሮ ሳንዶቫል።

በስልክ እንዳትሰማው። ትንሽ ስፒከር ባሱን ይበላዋል፤ ያለ ባስ የኩባ ሶን ሙዚቃ ምኑ ሶን ነው? በትልቁ ቴፕ ክፈተው፤ ባስ መጨመሪያውን ግን አትንካ፣ የኮንጋ ከበሮውን ይውጠዋል።

ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎህ የለ? በዚህ ተንቀሳቀስ። የኩባውን ጭፈራ፣ ካሲኖን፣ ለአንተ ማስተማር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት ማስጠናት ነው፤ ጉልበትህ ግን የድሮው አይደለም። በአንደኛው ጀምር፣ ቀስ ያለ ቦሌሮ ነው። የመጨረሻውን፣ «ትራዲስዮን»ን፣ ዝለለው፤ በጣም ይፈጥናል። ምንጣፉ ይነሳ፦ የጎማ ሶል ምንጣፍ ላይ ይይዛል፤ ሰውነት ዞሮ እግር ሲቀር የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ነጠላ ጫማም አይሆንም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በአራት ቁም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ በስምንት ቁም። እርምጃህ ከጫማህ ርዝመት አይለፍ። ባሱን አትከተል፤ «አንድ» ሳይደርስ ቀድሞ ስለሚገባ ያስቸኩልሃል። የእንጨቶቹን ምት፣ ክላቬዋን ያዝ፣ በሁለት ባር አምስት ምት።

ቆጠራው ከጠፋብህ ለእህቴ ንገራት። እየሳቅክ አትለፈው። የማክሰኞውን ቀጠሮ መሰረዝህን ሰምቻለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሿ የፊት ጥርስ ወለቀ፤ ብስክሌቱም ጠበባት። ትልቁ ልጄ በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ጀምሯል። «አያቴ ስፓኒሽ ይችላል?» አለኝ። ይችላል አልኩት። «ታዲያ አንተ ለምን አትችልም?» አለኝ።

አሥረኛው ዘፈን «አብሌሞስ ኤል ሚስሞ ኢዲዮማ» ይባላል። አንድ ቋንቋ እንነጋገር ማለት መሆኑን ከመዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት። ከተማርክባት የኩባ ደሴት፣ ከኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ አብረውህ የተመለሱት ሲመጡ የሳሎኑ በር ይዘጋ ነበር። ለእኛ የሚደርሰን ሳቃችሁ ብቻ ነው። ስለ ደሴቲቱ ስጠይቅህ «ብርቱካን ለቅመናል» ትለኝና ሬዲዮኑን ትከፍታለህ። የጓደኞችህን ያህል ባይሆን እንኳ፣ አንድ ዘፈን ብትተረጉምልን ምን ነበረበት?

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፤ ልጁን ከፊት አስቀምጠዋለሁ። አሥረኛውን ክፈትና ዘፋኟ የምትለውን ቃል በቃል ንገረው። እኔ ከጎኑ ነኝ፣ አላቋርጣችሁም።

ቀጠሮውን መልሰህ አስይዝ። ምንጣፉንም ብቻህን እንዳታነሳው፣ ጥበቃውን ጥራው።

ልጅህ