ታይዋን የገዛችው መሣሪያ ለምን ይዘገያል?

ክቡር አዘጋጅ፣

አሜሪካ ለታይዋን መሣሪያ መሸጧ ቻይናን መተንኮስ ነው የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። ዋሽንግተን መከላከያ መሣሪያ እንደምታቀርብ በሕግ ያሰፈረችው እኮ ከታይፔ (ከታይዋን መንግሥት) ጋር ግንኙነቷን ባቋረጠችበት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔ ቅሬታ መዘግየቱ ላይ ነው። በ2019 ከተፈቀዱት 66 ኤፍ-16 ጄቶች የመጀመሪያውን ታይዋን የተረከበችው በ2025 ነው፤ ያውም 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሚያወጣ ግዢ! ከቻይና የሚለያት የታይዋን ሰርጥ ደግሞ በጠባቡ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለተዋጊ ጄት የደቂቃዎች መንገድ።

እኛስ ብንሆን? ጣልያን ልትወረን ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለታችንም መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ባዶ እጃችንን የቀረነው እኛ ነን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ