የግላኮማ ጠብታ ሲታዘዝ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

የግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ፣ ጠብታ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። የታዘዘው ምርት ከገበያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲወደድ ሕክምናቸውን የሚያቋርጡ አሉ። የዓይን ግፊት መጨመር በአብዛኛው ሕመም ስለሌለው ጉዳቱ አይታወቃቸውም፤ የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። እኛን የሚያሳዝነን ያው መድኃኒት በሌላ ስም ፋርማሲው ውስጥ ተቀምጦ ይህ መድረሱ ነው።

ዛላታን የንግድ ስም ሲሆን ውስጡ ያለው መድኃኒት ላታኖፕሮስት 0.005 በመቶ ነው። ትሩሶፕት ዶርዞላማይድ 2 በመቶ ሲሆን፣ ኮሶፕት ዶርዞላማይድና ቲሞሎል በአንድ ላይ ናቸው። ሁሉም ጄኔሪክ፣ ማለትም በሌላ አምራች የተሠራ ያው መድኃኒት፣ አላቸው። ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

ሲቀየር ግን ከስሙ ጋር በመቶኛውም ይታይ። ቲሞሎል 0.25 እና 0.5 በመቶ ሆኖ ይዘጋጃል። ቢማቶፕሮስት 0.01 እና 0.03 በመቶ አለው፤ ብሪሞኒዲንም እንዲሁ ከአንድ በላይ መጠን አለው። ሐኪሙ ሳይጠየቅ አንዱ በሌላው መተካት የለበትም። ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመረው ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ፣ ከአምራች አምራች ሊለያይ ይችላል። አዲሱ ጠብታ ዓይን ካቃጠለ ወይም ካቀላ ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ መተው አይገባም፤ ይህ ንጥረ ነገር የሌለባቸው ጠብታዎችም አሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ብልቃጡ ነው። ለሁለት ዓይን በቀን አንድ አንድ ጠብታ በወር 60 ጠብታ ይሆናል፤ 2.5 ሚሊ ሊትር ለዚህ ይበቃል። ፕላስቲኩ ለስላሳ ወይም አፉ ሰፊ ከሆነ ግን ጠብታው ይተልቃል፣ ሁለት ሦስትም አብሮ ይወርዳል፣ መድኃኒቱም ወሩ ሳይሞላ ያልቃል። ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ መጫን እንደሚያስፈልግ ያሳይ። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ የዛላታን ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ ድረስ 6 ሳምንት ይቆያል። ጄኔሪኩ የተለየ መመሪያ ሊኖረው ስለሚችል ካርቶኑ ይነበብ፤ የተከፈተበት ቀንም ብልቃጡ ላይ ይጻፍ።

ሌላው አደጋ መደራረብ ነው። ዛላታን ያለው ሰው ላታኖፕሮስት የተጻፈበት ብልቃጥ ሲሰጠው ሌላ መድኃኒት መስሎት ሁለቱንም ይጨምራል። ላታኖፕሮስት በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ሲደረግ ግፊቱን የመቀነስ ኃይሉ ሊዳከም ይችላል። ቲሞሎል ያለበት ጠብታ ደግሞ፣ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ፣ አስም ላለበትና የልብ ምቱ ለሚዘገይ ሰው አደገኛ ነው፤ በማይታወቅ የንግድ ስም ስር ተሸፍኖ ማለፉ ያሰጋል።

ስለዚህ ሐኪሞች በማዘዣው ላይ በንግድ ስሙ ፋንታ የመድኃኒቱን ስም እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ላታኖፕሮስት 0.005 በመቶ፣ ለሁለቱም ዓይን፣ ማታ ማታ አንድ ጠብታ»። ምርቱ ሲቀየር ፋርማሲስቱ የቀድሞው መቅረቱን ለታካሚው ይንገረው፤ ታካሚውም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የዓይን ግፊቱን ይለካ።

የዓይን ሕክምናና የፋርማሲ ባለሙያዎች