ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሥራ ማስታወቂያው ተነስተሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ

ይድረስ ለልጄ ለሰላም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆኜ ስለ ሥራ ማሰብ አይፈጥንም ወይ?» ያልሽኝ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ጻፍኩልሽ። አይፈጥንም፣ ልጄ። የምትቀጠሪበት መስፈርት ዛሬም በየጋዜጣው እየወጣ ነው፤ አብዛኛው ተመራቂ ግን የሚያነበው ጋዋኑን ካወለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚሉ አሥር የሂሳብና የባንክ ማስታወቂያዎች ሰብስቢ። ሪፖርተር ጋዜጣ ላይም ኢትዮጆብስ የተባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይም አይጠፉም። ደብተርሽ ላይ አራት ዓምድ አስምሪና የተጠየቀውን ውጤት፣ የምረቃ ዓመት፣ የፈተናውን ዓይነት፣ የኮምፒውተር ችሎታውን ሙዪ። ብዙ ባንኮች ዝቅተኛ አጠቃላይ ውጤት እንደሚያስቀምጡ ታያለሽ። አንዳንዱ ደግሞ የዚያን ዓመትና ያለፈውን ዓመት ምሩቃን ብቻ ይላል፤ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ከተቀመጥሽ ያ በር ይዘጋል ማለት ነው። ከአሥሩ በሰባቱ የተደጋገመው ነገር እቅድሽ እሱ ነው።

ውጤቱን በእርሳስ አስይ። እስካሁን 60 ክሬዲት ወስደሽ 2.80 ላይ ብትሆኚና ዲግሪው በ140 ክሬዲት የሚያልቅ ቢሆን፣ ማስታወቂያው ቢጠይቅ ብለን 3.25 ይዞ ለመውጣት የቀሩትን 80 ክሬዲቶች በአማካይ 3.59 ማምጣት ይጠበቅብሻል። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። በዚያው 2.80 እስከ 100 ክሬዲት ከቆየሽ ግን በቀሩት 40 ላይ ከ4.00 በላይ ያስፈልግሻል፤ እሱ ደግሞ የለም። ሌላው ስህተት ጊዜን ቀላል ኮርስ ላይ ማፍሰስ ነው። በ4 ክሬዲት ኮርስ ሲ፣ በ2 ክሬዲት ኮርስ ኤ ያመጣ ልጅ የሁለቱ አማካዩ 2.67 ነው። የጥናት ሰዓትሽን በክሬዲቱ ልክ ክፈዪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ክረምቱ። የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ሂሳባቸውን ዘግተው ማስታወቅ አለባቸው። በዚህ የተነሳ የግል ኦዲት ቢሮዎችና የሂሳብ ባለሙያዎች ከሐምሌ ጀምሮ ሥራ ይበዛባቸዋል። ያንቺ እረፍትም ያኔ ነው። ትምህርት ክፍልሽ ባያስገድድሽም የሦስተኛውን ዓመት ክረምት ለልምምድ ያዢው። ሚያዝያ ላይ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ በየቢሮው ስም ይጻፍልሽ። አምስት ስድስት ቢሮ በአካል ሂጂ። ሐምሌ ላይ የሚመጣ ተማሪን ቁጭ ብሎ የሚያሳይ ሰው አይገኝም።

እዚያ ስትገቢ ፎቶ ኮፒ ብቻ እንዳታነሺ አንድ የታወቀ ሥራ ለምኚ፦ የአንድ ደንበኛ፣ የአንድ ወር የባንክ ማስታረቂያ። የመዝገቡንና የባንኩን ሂሳብ አስቀምጠሽ ያልተመነዘረውን ቼክ፣ መዝገብ ላይ ያልገባውን የባንክ አገልግሎት ክፍያ ፈልጊ። የቀረው ልዩነት ለ9 የሚካፈል ከሆነ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፎ ይሆናል፤ 5,400ን 4,500 ብለው ሲጽፉ ልዩነቱ 900 ነው። የሰው ሰነድ ግን በስልክሽ ፎቶ እንዳታነሺ፣ አደራ። ስትወጪ ከመቼ እስከ መቼ ምን እንደሠራሽ የሚዘረዝር፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ተቀበዪ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አብዛኛው ቀጣሪ ከምረቃ በፊት የሠራሽውን እንደ ሥራ ልምድ አይቆጥረውም። ጥቅሙ የሚታየው በጽሑፍ ፈተናውና በቃለ መጠይቁ ላይ ነው።

ኤክሴልን በተመለከተ፣ የምስክር ወረቀት ከመሰብሰብሽ በፊት የአሥር ሠራተኛ የደመወዝ ሰሌዳ ራስሽ ሥሪ። መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር ለሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከእሱ 7 በመቶ፣ 840 ብር ይቀነሳል፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ይጨምራል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሁለቱንም ከሠራተኛው ሲቀንሱ ወይም የትራንስፖርት አበሉንም ደምረው ሲያሰሉ ነው። ሰሌዳው ደመወዝ ሲቀየር ራሱ ካስተካከለ ቀመሩ ገብቶሻል። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌርም ብዙ ማስታወቂያ ላይ ስለምታገኚው ለአራተኛ ዓመት አታቆዪው።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በኮምፒውተር ይሰጣል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ከኮስት አካውንቲንግ እስከ ኦዲቲንግ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የተማርሽውን ስለሚያነሳ የየኮርሱን ማስታወሻ ሴሚስተሩ እንዳለቀ አትጣዪ። ለየኮርሱ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ፣ የኮርሱ ፈተና ገና ከአእምሮሽ ሳይጠፋ ጻፊ።

አንድ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ቀርቶኛል። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን፣ የፋይዳ መታወቂያሽንና ሬጅስትራር ያለውን ስምሽን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ በእንግሊዝኛው ፊደል በፊደል አስተያዪ፤ የአያትሽንም ስም ጭምር። አንዷ ፊደል ብትለይ አሁን በማመልከቻ ትስተካከላለች፤ ዲግሪው ላይ ከታተመች በኋላ ግን የትምህርት ማስረጃሽ በተጣራ ቁጥር ጥያቄ ታስነሳለች።

ለሴሚስተሩ እረፍት ስትመጪ አሥሩን ማስታወቂያና አራቱን ዓምድ ይዘሽ ነይ። ካልኩሌተሩን እኔ አዘጋጃለሁ፤ እናትሽ ደግሞ ቡናውን።

የሚወድሽ አባትሽ