የሰርቢያ ነገሥታት ቅድስና በፖለቲካ ብቻ አይፈታም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ባልካን አገሮች የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በቅርቡ በታሪክ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በትኩረት አንብቤዋለሁ። ስለዚያ አካባቢ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ጸሐፊው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሰርቢያን ቅዱሳን ነገሥታት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ፣ የኔማኒች ሥርወ መንግሥት ሥልጣኑን ለማጽናት የገዛ አባላቱን ቅዱሳን እያሰኘ ቤተ ክርስቲያንን መሣሪያ እንዳደረጋት ብቻ ተናግሮ ማለፉ አላረካኝም። ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ጽሑፉ ስሙን ብቻ ጠርቶ ያለፈው ንጉሥ ስቴፋን ኡሮሽ ሣልሳዊ፣ ሰርቦች ባሠራው ገዳም በዴቻኒ ስም ስቴፋን ዴቻንስኪ የሚሉት ቅዱስ፣ ያን ፍርድ ለመመዘን ከማንም ይልቅ ይመቻልና በእርሱ ላይ ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

በቅድሚያ ለጸሐፊው የሚገባውን ልስጥ። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ስቴፋን ኔማኛ እ.ኤ.አ. በ1196 ዙፋኑን ትቶ መነኰሰ፤ ስምዖን ተብሎም ከልጁ ከቅዱስ ሳቫ ጋር በአቶስ ተራራ ላይ የሂላንዳርን ገዳም አቀና። ሳቫ ደግሞ በ1219 የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን በራሷ ሊቀ ጳጳስ እንድትመራ አስፈቀደ። ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ከነገሡት አብዛኞቹ መቃብራቸው የሚሆን ገዳም ማሠራትን ወግ አደረጉት፤ ብዙዎቹም ካረፉ በኋላ የጸሎት አገልግሎት ተደርሶላቸው ከቅዱሳን ተቈጠሩ። ከእነርሱ አንዱ የስቴፋን አባት ንጉሥ ሚሉቲን ነው። ሚሉቲን በርካታ አብያተ ክርስቲያናትን አሠርቷል፤ ያው ሚሉቲን ግን የገዛ ልጁን ዓይን ያስጠፋ፣ በ1299 ደግሞ እርሱ አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ሳለ የቢዛንቲየምን ንጉሠ ነገሥት ልጅ ሲሞኒስን ገና አምስት ዓመት ገደማ ሳለች ያገባ ሰው ነው። የሚሉቲንን ቅድስና ላስረዳ ብሎ የተነሣ ሁሉ ላቡ ጠብ ማለቱ አይቀርም፤ እኔም አልሞክረውም።

ነገር ግን ቅድስና የሥልጣን ሽልማት ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ ይሸለም የነበረው የዴቻንስኪ ልጅ ዱሻን ነበር። የሰርቢያን ግዛት እስከ ግሪክ ምድር ድረስ ያሰፋው፣ በ1346 በስኮፕዬ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ የጫነው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ፓትርያርክነት ያሳደገው፣ በ1349 ስመ ጥር የሕግ መጽሐፍ ያወጀው እርሱ ነው። የመካከለኛው ዘመን የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሁሉ ላደረገው ለዱሻን የቅዱስነት አክሊል አልሰጠችውም። አክሊሉን ያገኘው ዱሻን ከዙፋን ያወረደው፣ በእስር ቤት ታንቆ የሞተው አባቱ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን አንድ ነገር ቢያነሣ ኖሮ መደምደሚያው እንዲያ ቀላል ባልሆነለት ነበር።

የስቴፋን ሕይወት ከልጅነቱ ጀምሮ በሌሎች እጅ ያለ ሕይወት ነው። አባቱ ከታታሮቹ አለቃ ከኖጋይ ጋር ሰላም ለመግዛት ሲል መያዣ አድርጎ ሰጠው። ከዚያ ተመልሶ ዜታ የሚባለውን የባሕር ዳር ግዛት ሲያስተዳድር ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1314 አካባቢ መኳንንቱ አነሣሥተውት በአባቱ ላይ ሸፈተ፣ ተሸነፈም። ሚሉቲንም ዓይኑን እንዲያጠፉት አዘዘና ከልጆቹ ጋር ወደ ቁስጥንጥንያ አጋዘው፤ በዚያም ጰንጦክራጦር በሚባለው ገዳም በግዞት ተቀመጠ። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ዓይኑ በጠፋበት ሌሊት ቅዱስ ኒቆላዎስ በሕልም ተገልጦ ዓይኖቹን በእጁ መዳፍ ይዞ አሳየው፤ አይዞህ፣ ዓይኖችህ በእኔ ዘንድ ተጠብቀዋል ሲል አጽናናው። ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያው ቅዱስ በዓል ሌሊት፣ በገዳሙ ቆሞ ሲጸልይ ደክሞት ጥቂት ባሸለበበት፣ ቅዱሱ ተመልሶ መጥቶ ብርሃኑን መለሰለት። ስቴፋን ግን ይህን ለማንም አልተናገረም። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም እንኳ አባቱ እስኪሞት ድረስ ዓይኑን በጨርቅ እንደ ሸፈነ ኖረ። የታሪክ ምሁራን በበኩላቸው የታዘዙት ሰዎች ወይ በገንዘብ ተደልለው ወይ አዝነውለት ዓይኑን ፈጽመው አላጠፉትም ይሆናል ይላሉ። ምእመኑም ምሁሩም በጨርቁ ነገር ይስማማሉ፤ ማየት የሚችል አልጋ ወራሽ በሚሉቲን ቤት በሕይወት እንደማያድር ስቴፋን ያውቅ ነበር።

ሚሉቲን በጥቅምት 1321 ሲሞት ጨርቁ ተፈታ። ስቴፋንም ጥር 6 ቀን 1322 ከልጁ ከዱሻን ጋር ዘውድ ጫነ፤ እርሱ ንጉሥ፣ ዱሻን ወጣት ንጉሥ ተብለው። እዚህ ላይ የገድሉ አድናቂዎች ቸኩለው የሚያልፉት ነገር አለ፤ ወንድሙ ኮንስታንቲን ዙፋኑን ሲከራከረው በጦርነት ተገድሏል፣ ከአጎቱ ልጅ ከቭላዲስላቭ ጋር የተደረገውም ውጊያ እስከ 1324 ዘልቋል። እንግዲህ ስቴፋን እጁን ደም ያልነካው የዋህ መነኩሴ አልነበረም። ሐምሌ 28 ቀን 1330 በቬልባዥድ የቡልጋሪያውን ንጉሥ ሚካኤል ሺሽማንን ድል ያደረገ፣ ሚካኤልም በዚያው ውጊያ ቆስሎ የሞተበት የጦር መሪ ነው። ድሉን ግን እስከ መጨረሻው አልተከተለውም፤ የቡልጋሪያን ምድር ከመዝረፍና ከመያዝ ይልቅ ቀደም ሲል በሚካኤል የተፈታችውን እኅቱን አናን ከልጇ ጋር በዙፋኑ ላይ ማስቀመጥን መረጠ። ምርኮና ርስት የቋመጡት መኳንንት በዚህ አኮረፉ፤ ፊታቸውንም ወደ ወጣቱ ንጉሥ አዞሩ። በ1331 ዱሻን በአባቱ ላይ ተነሣ፣ ማረከውም፣ በመስከረምም በአባቱ ምትክ ዘውድ ጫነ። አሮጌው ንጉሥ በዝቬቻን ምሽግ ታሰረ፤ ኅዳር 11 ቀንም በዚያው ሞተ። በዚህ አንቀጽና ከዚህ በላይ የጠቀስኋቸው ቀናት ሁሉ በዘመኑ የዩልዮስ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለዚህ ሞት የጻፉት ሁለት ጸሐፊዎች የሚለያዩበት መንገድ ለያዝነው ጉዳይ ቁልፍ ነው። የሊቀ ጳጳስ ዳኒሎን የነገሥታት ታሪክ የቀጠለው ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ በዱሻን ዘመን የኖረ ነውና ጥፋቱን ወደ አባትየው እያዘነበለ ልጁን ሊያጠራ ይደክማል። የቤተ መንግሥት ብዕር ማለት እርሱ ነው፤ የጽሑፋችሁ ጸሐፊ ያስተዋለው የፖለቲካ ቅድስናም በዚህ ብዕር ላይ በትክክል ያርፋል። ሁለተኛው በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ የዴቻኒ አበ ምኔት የነበረው ግሪጎሪ ጻምብላክ ነው፤ ቡልጋሪያ ተወልዶ፣ ሰርቢያ አገልግሎ፣ በኋላ የኪየቭ ሊቀ ጳጳስ እስከ መሆን የደረሰ ብርቱ ሰው። ጻምብላክ ንጉሡ በልጁ ትእዛዝ ታንቆ እንደ ተገደለ በግልጽ ይጽፋል፣ ስቴፋንንም ንጉሥ ብቻ ሳይሆን ሰማዕት አድርጎ ያቀርበዋል። ሲጽፍ የኔማኒች ዘር ከዙፋን ከወረደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዚያ ጊዜ የስቴፋንን ስም በማክበር ሥልጣኑን የሚያጸና አንድም ኔማኒች አልቀረም፤ ስሙን የሚጠሩት መነኮሳቱና ምእመናኑ ነበሩ።

በእርግጥ ጻምብላክም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበባል። ስቴፋን በቁስጥንጥንያ ሳለ በሃይማኖት ክርክር የታወቀውን የመነኩሴውን የባርላምን ተከታዮች እንዲያባርር ንጉሠ ነገሥቱን መከረ ይላል፤ ባርላም በዚያች ከተማ የታወቀው ግን ስቴፋን ወደ አገሩ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ነው። አበ ምኔቱ የራሱን ዘመን የሃይማኖት ክርክር በቅዱሱ አፍ አናግሮታል ማለት ነው። ከገድለ ላሊበላ ጋር ያደገ የአገራችን አንባቢ በዚህ አይደናገጥም፤ ገድል ከዜና መዋዕል ጋር የሚጋራው ነገር ቢኖርም በዜና መዋዕል ሚዛን ብቻ እንደማይመዘን ከልጅነቱ ያውቃልና።

ገዳሙን በተመለከተ ጽሑፋችሁ በሁለት መስመር ያለፈውን ጥቂት ላስፋው። የዴቻኒ ቤተ ክርስቲያን በ1327 ተጀምሮ በ1335፣ ማለትም አሠሪው ከሞተ በኋላ በልጁ ዘመን ተፈጸመ። ስቴፋን በግዞት በተቀመጠበት ገዳም ስም ለሁሉን ቻዩ ለክርስቶስ ተሰየመ፤ ሰፊ ጉልትም በ1330 በንጉሣዊ ደብዳቤ ተሰጠው። ውጭው ነጣ ባለና ቀላ ባለ እብነ በረድ በተራ በተራ የተደረበ የምዕራብ አውሮፓ ሥራ ሲሆን ውስጡ ግን ከወለሉ እስከ ጉልላቱ በቢዛንታይን ሥዕል የተሸፈነ ነው። በደቡቡ በር ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ዋና ሠሪው የኮቶሩ ሰው ፍራ ቪታ መሆኑን ይናገራል፤ የፍራንቸስኮስ ማኅበር የካቶሊክ መነኩሴ ነበር። ሕንጻውን በስምንት ዓመት የሠራው ለንጉሥ ስቴፋንና ለልጁ እንደ ሆነ ያው ጽሑፍ ይመሰክራል። አባት በእስር ቤት በሞተ በአራተኛው ዓመት በአንድ ድንጋይ ላይ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ተቀርጾ መገኘቱ ለእኔ ከብዙ ትንታኔ ይበልጣል። ዱሻን ይህን ያደረገው ከጸጸት ይሁን ከብልጠት ድንጋዩ አይናገርም፤ ሁለቱም ተቀላቅለው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የንጉሡ አስከሬን በዚያው ተቀብሮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቃብሩ ሲከፈት ሥጋው ሳይፈርስ እንደ ተገኘ ይነገራል፤ ከዚያም በሣጥን ሆኖ ከመቅደሱ ፊት ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ማታ መነኮሳቱ በሣጥኑ አጠገብ ቆመው የቅዱሱን ውዳሴ ይዘምራሉ፤ ሣጥኑም ተከፍቶ ሕዝቡ ይሳለማል። ሕመምተኞች በሣጥኑ ሥር ተሹለክልከው የማለፍ ልማድ አላቸው። በኦቶማን ዘመን የአካባቢው አልባናውያን ሙስሊሞች ሳይቀሩ ለሕመማቸው ፈውስ ፍለጋ ወደዚህ ሣጥን ይመጡ እንደነበር ይነገራል። የሰርቢያ መንግሥት በጠፋባቸው በእነዚያ መቶ ዓመታት አምልኮውን ያቆየው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ይህ ሣጥንና በዙሪያው የሚሰበሰበው ሕዝብ ነው።

እርግጥ ነው ዛሬም ፖለቲካው ከደጃፉ አልራቀም። ዴቻኒ ያለው በምዕራብ ኮሶቮ፣ አብዛኛው ሕዝብ አልባናዊ በሆነበት ስፍራ ነው። በ1999ኙ ጦርነት መነኮሳቱ አልባናውያን ተፈናቃዮችን በግቢያቸው አስጠልለዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ገዳሙ ራሱ ጠባቂ አስፈልጎት በኔቶ የሚመሩ የጣሊያን ወታደሮች እስከ አሁን ይጠብቁታል። ዩኔስኮ በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦት በ2006 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ አስገባው። የኮሶቮ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2016 ሃያ አራት ሄክታር ያህል መሬት የገዳሙ ነው ብሎ ቢፈርድም መሬቱ በገዳሙ ስም የተመዘገበው በመጋቢት 2024 ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የቅዱሱ ስም በሁለቱም ወገን ለዘመኑ ክርክር መጠራቱ አይካድም። ሆኖም ነገርን የሚጠቀምበትና ነገሩን የፈጠረው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ጽሑፋችሁ የሳተውም ይህንን ልዩነት ይመስለኛል።

በመጨረሻ አንድ የቀን እርማት። ጽሑፉ የዴቻንስኪን በዓል ኅዳር 2 ብሎታል። ይህ የሆነው ኅዳር 11 የሚለውን የፈረንጆች ቀን በቀጥታ ወደ እኛ በመመለሱ ነው። የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን የምትከተለው ግን የዩልዮስን አቈጣጠር ነው፤ ገናን እንደ እኛ በፈረንጆች ጥር 7፣ በእኛ ታኅሣሥ 29 የምታከብረውም ስለዚሁ ነው። በመሆኑም በዓሉ በዛሬው የፈረንጆች አቈጣጠር ኅዳር 24፣ በእኛ ደግሞ ኅዳር 15 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ብቻ ኅዳር 14 ይሆናል። ሰርቦች ኬልቄዶናውያን ስለሆኑ ዴቻንስኪ በእኛ ስንክሳር የለም። ኅዳር 15 ግን ጾመ ነቢያት የምንይዝበት፣ ሰማዕቱ ቅዱስ ሚናስም የሚታሰብበት ዕለት ነው፤ ሰርቦችም በዚያው በዴቻንስኪ ቀን ሚናስን ያስባሉ። እርማቱ በቀጣዩ እትም ቢወጣ ቀኑን በማስታወሻቸው ለያዙ አንባቢዎች ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ